ቀና ብላ ያየችው ልጅ

ሰው ከሥራው በሚያርፍበት ቀን ልጆቹን ይዞ ወደ ሜዳና ወደ ተራራ ቢወጣ ቀኑን በከንቱ አሳለፈው አይባልም። ልጅ በመጽሐፍ ካነበበው ነገር ብዙውን ይረሳል፤ ከአባቱ ወይም ከእናቱ ጋራ ሄዶ በዓይኑ ያየውንና በእጁ የዳሰሰውን ግን እስከ ሽምግልናው ድረስ ያስታውሰዋል። ደግሞም ልጁን ይዞ የሚወጣ ሰው ልጁን የሚያስተምር ይመስለዋል፤ ነገር ግን ራሱ ከልጁ ተምሮ የሚመለስበት ቀን አለ።

በዚህ ንባብ የሚነገረው የአንድ አባትና የአንዲት ሕፃን ልጁ ታሪክ ነው። ሁለቱ አንድ ቀን ወደ ዋሻ ሄደው ዋሉ። በዚያ ቀን ያዩት ነገር በኋላ የዓለምን ሊቃውንት ሁሉ ያስደነቀ ሆነ፤ ለአባት ግን በመጀመሪያ ያተረፈለት ምስጋና ሳይሆን ስድብ ነበረ። በዚህ ንባብ ያለው የዓመት ቍጥር ሁሉ እንደ አውሮጳ ሰዎች አቈጣጠር የተጻፈ ነው።

በአውሮጳ ምዕራብ እስጳንያ የምትባል አገር አለች። በአገሪቱ ሰሜን በባሕር ዳር ሳንታንዴር የሚባል ከተማ ይገኛል። በዚህ ከተማ በ1831 ዓ.ም. ማርሴሊኖ ሳንስ ዴ ሳውቱዎላ የሚባል ሰው ተወለደ። ስለ ክብሩም ዶን ማርሴሊኖ ይባል ነበረ። ሕግ የተማረ ባለ ርስት ነበረ፤ ኑሮውም የተመቸ ስለ ሆነ እንደ ብዙዎች ባለጠጎች ዘመኑን በመብልና በመጠጥ በጨዋታም ሊያሳልፍ ይችል ነበረ። እርሱ ግን ዕፀዋትንና ድንጋዮችን የጥንት ሰዎችንም ዕቃ መመርመር ይወድ ነበረ። እኛ ባሕር ዛፍ የምንለውን የአውስትራልያ ዛፍ በዚያ አውራጃ ያስገባ እርሱ እንደ ሆነ ይነገርለታል። በ1870 ዓ.ም. የተወለደች ማሪያ የምትባል ሴት ልጅ ነበረችው።

ሳንቲያና ዴል ማር ከምትባል ጥንታዊት ከተማ አጠገብ አልታሚራ የሚባል ስፍራ አለ። ሣር የለበሰ ኰረብታ ነውና በውስጡ ዋሻ መኖሩን ማንም አያውቅም ነበረ። በ1868 ዓ.ም. ሞዴስቶ ኩቢያስ የሚባል የአገሩ ሰው ለአደን ወጥቶ ሳለ ውሻው በድንጋዮች መካከል ገብቶ ተቀረቀረ። አዳኙም ውሻውን ለማውጣት ድንጋዩን ባነሣ ጊዜ የዋሻ አፍ ተገለጠ። በዚያ አገር ዋሻ ብዙ ነውና በነገሩ እምብዛም የተደነቀ አልነበረም። ኩቢያስ ግን ዶን ማርሴሊኖ እንዲህ ያለ ነገር እንደሚወድ ያውቅ ስለ ነበረ ወሬውን ነገረው።

ዶን ማርሴሊኖ በ1876 ዓ.ም. ወደ ዋሻው ሄዶ እየዞረ ተመለከተ። በግድግዳው ላይ በጥቁር ቀለም የተሣሉ ጥቂት ምልክቶችን አየ፤ ነገር ግን የማን ሥራ እንደ ሆኑ ስላላወቀ ትቷቸው ተመለሰ። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1878 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በፓሪስ ከተማ ታላቅ የዓለም ትርኢት በተደረገ ጊዜ እርሱም ሊያይ ሄደ። በዚያም የጥንት ሰዎች ከባልጩት የሠሩት መሣሪያና በአጥንት ላይ የቀረጹት የአውሬ ምስል ተደርድሮ አገኘ። ብረትን ያላወቀ ሰው፥ ቤት ያልሠራ ሰው፥ እንዲህ ያለ የረቀቀ ምስል በአጥንት ላይ መቅረጹ እጅግ አስደነቀው። በአገሩም ዋሻዎች አፈር ሥር እንዲህ ያለ ዕቃ ሊገኝ እንደሚችል አሰበ።

ስለዚህ በ1879 ዓ.ም. የአልታሚራን ዋሻ አፈር እየቈፈረ ሊመረምር ተነሣ። ከዕለታትም አንድ ቀን የ8 ዓመት ልጅ የነበረችውን ማሪያን ይዟት ሄደ። እንዲህ ያለ ሥራ ለሕፃን አይሆንም ብሎ በቤት ሊተዋት ይችል ነበረ፤ ነገር ግን አልተዋትም። ይህ ትንሽ የአባት ቸርነት የታላቅ ነገር መጀመሪያ ሆነ።

የዋሻው ውስጥ ጨለማ ነው፤ ያለ መብራት አንድ እርምጃ መሄድ አይቻልም። ከመግቢያው ብዙ ሳይርቅ በስተ ግራ በኩል ጣራው እጅግ ዝቅ ያለ አንድ ሰፊ ክፍል አለ። በዚያን ዘመን አፈሩ ገና ተቈፍሮ አልወጣም ነበረና ትልቅ ሰው ወገቡን ካላጐበጠ በቀር ሊገባበት አይችልም ነበረ። አባት ጎንበስ ብሎ ዓይኑን ወደ መሬት አድርጎ የባልጩት ስባሪና የአውሬ አጥንት ይፈልግ ነበረ። ማሪያ ግን አጭር ናትና ቀጥ ብላ ትሄድ ነበረ። መብራቱም በራላትና ቀና ብላ ጣራውን አየች። ያን ጊዜ ጮኻ “አባባ፥ ይመልከቱ! በሬዎች!” አለች ተብሎ ይነገራል።

አባትም ቀና ብሎ ባየ ጊዜ የሚናገረውን አጣ። ጣራው በሙሉ በሥዕል የተሞላ ነበረ። ቀይና ጥቁር ቀለም የተቀቡ ታላላቅ አውሬዎች፥ አንዳንዱ ቆሞ፥ አንዳንዱ እግሩን አጥፎ ተኝቶ፥ አንዳንዱም ራሱን ወደ ኋላ መልሶ፥ ከጨለማው ውስጥ እንደ ሕያው ሆነው ይታዩ ነበረ። ማሪያ በሬዎች ያለቻቸው አውሬዎች በእውነቱ በሬዎች አይደሉም፤ ቢዞን የሚባል፥ ትከሻው ከፍ ያለና ጠጕሩ የበዛ የዱር ከብት ነው። ከእነርሱም ጋራ ፈረሶችና አጋዘኖች ተሥለው ነበረ። አንዲቱ እንስት አጋዘን ርዝመቷ ከ2 ሜትር ይበልጣል።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ዶን ማርሴሊኖ ከሦስት ዓመት በፊት ወደዚያ ዋሻ ገብቶ ነበረ፤ ሥዕሎቹም ከራሱ በላይ ነበሩ። ነገር ግን የተማረ ሰው ሆኖ ሳለ አላያቸውም። ይህስ ለምን ሆነ? ሰው ብዙ ጊዜ የሚያየው የሚፈልገውን ነው። አባት በመሬት ያለውን ይፈልግ ነበረና መሬትን አየ፤ ሕፃኒቱ ግን ይህን እፈልጋለሁ የምትለው ነገር አልነበራትምና ሁሉን አየች። አባትም ስለ ክብሩ ሲል፥ ዝም በይ፥ አታስቸግሪኝ፥ ብሎ ቢገሥጻት ኖሮ ያ ቀን እንደ ማንኛውም ቀን ባለፈ ነበረ። ልጁን በሰማ ጊዜ ግን ቀና አለ።

ሥዕሎቹ በምን ዓይነት ቀለም እንደ ተሠሩ ቢጠየቅ መልሱ ቀላል ነው። ቀዩ ቀለም ከምድር የሚገኝ ቀይ አፈር ነው፤ ጥቁሩም የእንጨት ከሰል ነው። የጥንቱ ሠዓሊ በመጀመሪያ በባልጩት ጫፍና በከሰል የአውሬውን መልክ ከዳር እስከ ዳር ያወጣ ነበረ፤ ከዚያም በኋላ የተፈጨውን ቀይ አፈር በውስጡ ይቀባዋል። ከሁሉም ይልቅ የሚያስደንቀው ጥበቡ ይህ ነው፤ የዋሻው ጣራ ለስላሳ አይደለም፥ በየስፍራው ያበጠ ድንጋይ አለበት። ሠዓሊው እብጠቱን እንደ ነውር አልቈጠረውም፤ የቢዞኑን ሆድና ትከሻ በዚያ ላይ ሣለው፤ ስለዚህ መብራት ሲንቀሳቀስ አውሬው ራሱ የሚተነፍስ ይመስላል።

ዶን ማርሴሊኖ ሥዕሎቹን ካየ በኋላ ወዲያው አልጮኸም፤ አስቀድሞ መረመረ። በመጀመሪያ፥ ቢዞን በእስጳንያ ከጠፋ እጅግ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ያላየውን አውሬ እንዲህ አድርጎ ሊሥል የሚችል ገበሬ ወይም እረኛ የለም። ሁለተኛም፥ ሥዕሎቹ በፓሪስ ባያቸው በአጥንት ላይ በተቀረጹት ምስሎች ይመሰላሉ። ሦስተኛም፥ በዋሻው አፈር ውስጥ የጥንት ሰዎች የበሉት አጥንትና የባልጩት መሣሪያ ተገኝቷል። እነዚህን ነገሮች አንድ በአንድ ከመዘነ በኋላ ሥዕሎቹ ብረት ገና ሳይታወቅ የኖሩ ሰዎች ሥራ ናቸው የሚል አሳብ ደረሰ። በ1880 ዓ.ም. ይህን በጥንቃቄ ጽፎ በትንሽ መጽሐፍ አሳተመው። በማድሪድ የሚያስተምር ሁዋን ቪላኖቫ የሚባል ሊቅም ዋሻውን በዓይኑ አይቶ ነገሩ እውነት ነው ብሎ መሰከረለት።

በዚያው ዓመት በፖርቱጋል አገር በሊዝቦን ከተማ የጥንት ዘመን ነገር የሚመረምሩ ሊቃውንት ጉባኤ ተደረገ። ቪላኖቫ ስለ አልታሚራ ተናገረ። ነገር ግን ታላላቆቹ ሊቃውንት አልተቀበሉትም። ከእነርሱ ዋነኛው ኤሚል ካርታያክ የሚባል ፈረንሳዊ ነበረ። በዚያን ጊዜ የጥንት ሰው እንደ አውሬ ሆኖ የሚኖር፥ መብልንና መጠለያን ከመፈለግ በቀር ሌላ አሳብ የሌለው ነው ተብሎ ይታመን ነበረ። እንዲህ ያለ ሰው ይህን የመሰለ ውብ ሥዕል ሊሠራ አይችልም አሉ። ቀለሙም ገና ትኩስ ይመስላል፤ ደግሞ በዚያ ጨለማ ያለ መብራት መሣል አይቻልም፥ መብራት ቢኖር ደግሞ ጣራው በጥቀርሻ በጠቈረ ነበረ ብለው ተከራከሩ።

ክርክሩ በዚህ ቢቆም ኖሮ መልካም ነበረ፤ ክርክር የሊቃውንት ልማድ ነውና። ነገር ግን ክርክሩ ወደ ስም ማጥፋት ተለወጠ። ዶን ማርሴሊኖ ሥዕሎቹን እንዲገለብጥለት አንድ ሠዓሊ ወደ ቤቱ ጠርቶ ነበረ። ክፉ ወሬ የሚወዱ ሰዎችም ይህን ሰምተው፥ ሥዕሎቹን በጣራው ላይ የሣለው ያ ሠዓሊ ነው፥ ባለ ርስቱም ዓለምን ለማታለል ከፍሎታል አሉ። እንግዲህ የተከበረው ሰው በአንድ ጊዜ ሐሰተኛ ተባለ። የሚከራከሩት ሊቃውንት አብዛኛዎቹ አልታሚራን በዓይናቸው አላዩም ነበረ፤ ካርታያክም ሳያይ ፈረደ።

ለክብር ሰው ከገንዘብ ማጣት ይልቅ የስም ማጣት ይከብደዋል። ገንዘብ ተመልሶ ሊገኝ ይችላል፤ በሐሰተኝነት የተጠረጠረ ስም ግን እንደ ተቀደደ ልብስ ቢጠግኑት እንኳ ይታወቃል። ዶን ማርሴሊኖ፥ ተሳስቻለሁ፥ ሥዕሎቹ የዛሬ ናቸው፥ ብሎ ቢጽፍ ኖሮ ስድቡ ይቀርለት ነበረ። ነገር ግን ያየውን አላየሁም አላለም። በ1888 ዓ.ም. የሊቃውንት ፍርድ ሳይለወጥ ሞተ። የመሰከረለት ቪላኖቫም በ1893 ዓ.ም. ሞተ። የሞተ ሰው ስለ ራሱ ሊከራከር አይችልም፤ ስለዚህ ነገሩ በዚህ የተፈጸመ ይመስል ነበረ።

እውነት ግን ከአፈር በታች ብትቀበርም አትበሰብስም። በ1895 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር ላ ሙት በሚባል ዋሻ ሌሎች የጥንት ሥዕሎች ተገኙ። የዚያ ዋሻ መግቢያ በጥንት አጥንትና በባልጩት መሣሪያ በተሞላ አፈር የተደፈነ ነበረ። እንግዲህ ሥዕሎቹ በውስጥ የነበሩት አፈሩ ከመከመሩ በፊት ነው ማለት ነው፤ የዛሬ ዘመን ሠዓሊ በተዘጋ ዋሻ ሊገባ አይችልምና። በ1899 ዓ.ም. በዚያው በላ ሙት ዋሻ ከድንጋይ ተጠርቦ የተሠራ የጥንት መብራት ተገኘ። ሊቃውንት መርምረው የጥንት ሰዎች የአውሬ ስብና መቅኔ እያነደዱ በዚህ ዓይነት መብራት ይሠሩ እንደ ነበረ አወቁ፤ እንዲህ ያለው ነበልባል ጥቀርሻው ጥቂት ነው። ስለ ጥቀርሻ የተነሣው ክርክርም በዚህ ወደቀ። በ1901 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው አገር በኮምባሬልና በፎን ደ ጎም ዋሻዎች ብዙ የጥንት ሥዕሎች ተገኙ።

ካርታያክም ይህን ሁሉ ባየ ጊዜ አሳቡ ተናወጠ። በዚያን ጊዜ ስሙ የገነነ ሽማግሌ ሊቅ ነበረ። የቀድሞ ነገሩን በዝምታ ሊያልፈው ይችል ነበረ፤ የሰደበው ሰው ሞቷልና ማንም አይከሰውም። እርሱ ግን በ1902 ዓ.ም. በሊቃውንት መጽሔት ላይ አንድ ጽሑፍ አወጣ። የጽሑፉም አርእስት “የአንድ ተጠራጣሪ ንስሐ” እንደ ማለት ያለ ነው። በዚህ ጽሑፍ ከሃያ ዓመት በፊት በሠራው ስሕተት ተካፋይ መሆኑንና ለዶን ማርሴሊኖ ፍትሕ መመለስ እንደሚገባ ለዓለም ሁሉ ገለጠ። ከዚህም በኋላ አንሪ ብረይ ከሚባል ወጣት ቄስ ጋራ ወደ አልታሚራ ሄደ። ያን ጊዜ ማሪያ ትልቅ ሴት ሆና ነበረ፤ ካርታያክም ስለ አባቷ ይቅርታ ጠየቃት ተብሎ ይነገራል።

ቄሱ ብረይ በዚያ ዝቅተኛ ጣራ ሥር በጀርባው ተጋድሞ በሻማ ብርሃን ሥዕሎቹን በወረቀት ገለበጣቸው። እርሱና ካርታያክ በ1906 ዓ.ም. ስለ አልታሚራ አንድ ታላቅ መጽሐፍ አሳተሙ። በዛሬ ዘመን ያሉ ሊቃውንት በልዩ ልዩ መሣሪያ መርምረው የጣራው ቢዞኖች ከተሣሉ ወደ 15,000 ዓመት ገደማ እንደ ሆናቸው፥ ከቀዩ ምልክቶችም አንዳንዱ ከ35,000 ዓመት እንደሚበልጠው ደርሰውበታል። ከ13,000 ዓመት ገደማ በፊት የዋሻው አፍ በናዳ ተዘጋ፤ ሥዕሎቹ ትኩስ መስለው የተጠበቁት ስለዚህ ነው። እንግዲህ ለሊቃውንት የማጭበርበር ምልክት የመሰላቸው የቀለሙ ትኩስነት የመጠበቁ ምልክት ሆኖ ተገኘ።

ይህ ታሪክ ለኢትዮጵያ ልጆች የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። አልታሚራን የገለበጠው ያው ቄስ ብረይ ከብዙ ዓመት በኋላ የሐረርን አገር የዋሻ ሥዕሎችም መርምሮ ስለ እነርሱ የጻፈውን በ1934 ዓ.ም. አሳተመ። በድሬዳዋ ከተማ አጠገብ ፈረንጆች በራሳቸው ቋንቋ የጃርት ዋሻ ብለው የሰየሙት ዋሻ አለ፤ በግድግዳውም ላይ የጥንት ሰዎች የሣሏቸው ምስሎች ይታያሉ። ከዚያው ዋሻ አፈር ውስጥ በቍፋሮ ወደ 40 ኪሎ የሚሆን ለቀለም የሚያገለግል አፈርና የሚፈጭበት ድንጋይ ተገኝቷል። ዘመኑም ወደ 40,000 ዓመት ገደማ ነው። ደግሞ ከድሬዳዋ በስተ ደቡብ ምዕራብ ለገ ኦዳ በሚባል ስፍራ ከቋጥኝ በታች የተሣሉ ብዙ ከብቶች አሉ። ማሪያ በአልታሚራ ያየቻቸው በሬዎች በእውነቱ በሬዎች አልነበሩም፤ በለገ ኦዳ ግን የተሣሉት እውነተኛ ከብቶች ናቸው።

እንዲህ ያለ ነገር ባለበት አገር የሚያድግ ልጅ ሁለት ነገር ማወቅ ይገባዋል። ፊተኛው፥ የጥንት ሥዕል ለማየት እንጂ ለመንካት አይደለም። የሰው እጅ ላብ አለበት፤ የሰው ትንፋሽም እርጥበትና ሙቀት አለው። ብዙ ሰዎች አልታሚራን ሊያዩ በመጡ ጊዜ ትንፋሻቸው ሥዕሉን መጕዳት ስለ ጀመረ በ1977 ዓ.ም. ዋሻው ተዘጋ። በኋላም ለጥቂት ሰዎች ብቻ ቢከፈት በ2002 ዓ.ም. እንደ ገና ተዘጋ። ሰው ሁሉ እንዲያይ ግን በአጠገቡ ዋሻውን የሚመስል ሌላ ዋሻ በጥበብ ተሠርቶ በ2001 ዓ.ም. ተከፍቷል። በፈረንሳይ አገርም በ1940 ዓ.ም. አራት ልጆች ያገኙት የላስኮ ዋሻ ስለዚሁ ምክንያት በ1963 ዓ.ም. ለጐብኚ ተዘግቷል። አሥራ አምስት ሺህ ዓመት ጨለማ የጠበቀውን ሥዕል የሰው ትንፋሽ በአንድ ሰው ዕድሜ ሊያበላሸው ነበረ። ትንፋሽ እንዲህ ካደረገ፥ ስሙን በድንጋይ ጫፍ በሥዕሉ ላይ የሚጽፍ ሰነፍ ልጅማ ምን ያህል ይጐዳዋል? ሺህ ዓመት የኖረውን ሥራ በአንድ ደቂቃ ያጠፋዋል፤ ስሙም ለነውር እንጂ ለክብር አይቀርለትም።

ሁለተኛውም ነገር ይህ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ያገኘ ልጅ ዝም ማለት አይገባውም፤ ለአባቱ ወይም ለእናቱ፥ ለመምህሩም መንገር ይገባዋል። በአልታሚራ የተገኘውን ነገር ሁሉ ያስተካከሉት ሦስት ቅን ሥራዎች ናቸው። አዳኙ ያገኘውን ዋሻ አልደበቀም፤ ሕፃኒቱ ያየችውን ተናገረች፤ አባትም ልጁን ሰማ። ከሦስቱ አንዱ ቢጐድል ኖሮ ሁለቱ ብቻቸውን ምንም ባላደረጉ ነበረ።

ደግሞ ልጆች ስለ ሁለቱ ሰዎች፥ ስለ ዶን ማርሴሊኖና ስለ ካርታያክ፥ ሊያስቡ ይገባል። ዶን ማርሴሊኖ እውነትን ይዞ ተሰደበ፤ ስድቡንም ታገሠ እንጂ እውነቱን አልጣለም። ካርታያክ ሳያይ ፈርዶ በደለ፤ ነገር ግን እውነት በተገለጠችለት ጊዜ ስሙ እንዳይዋረድ ብሎ አልሸሸጋትም። ብዙ ሰው፥ አጥፍቻለሁ፥ ማለት ውርደት ይመስለዋል። ነገር ግን ካርታያክ ዛሬ የሚነገርለት በሃያ ዓመት ክርክሩ ሳይሆን በአንዲቱ የንስሐ ጽሑፉ ነው። በደለኛ ሆኖ መገኘት የሰው ሁሉ ዕጣ ነው፤ በደሉን በአደባባይ የሚናገር ግን ከብዙ ሰው አንድ ነው።

ከእነዚህም ሁሉ ይልቅ አንድ ጥያቄ በልብ ሊቀመጥ ይገባል። ባልንጀራህ ያየውን ነገር ሲነግርህ፥ ውሸትህን ነው፥ ከማለትህ በፊት ሄደህ አይተሃልን? ወደ ሊዝቦን ጉባኤ የሄዱት ሊቃውንት ከብዙ አገር መጥተው ብዙ ተናገሩ፤ ነገር ግን ከንግግራቸው ሁሉ ይልቅ አንድ ቀን ወደ አልታሚራ መሄድ ይሻላቸው ነበረ። ሐሰተኛ የሚለው ቃል ከአፍ ሲወጣ ቀላል ነው፤ ለመመለስ ግን ሃያ ሁለት ዓመት ፈጀ፤ ሲመለስም የተሰደበው ሰው ሊሰማው አልኖረም።

ማሪያ እስከ 1946 ዓ.ም. በሕይወት ኖረች። አባቷ ሐሰተኛ ሲባል በልጅነቷ ሰማች፤ በእርጅናዋ ደግሞ የአባቷ ስም በአገሩ ሁሉ በክብር ሲጠራ ሰማች። አባቶቻችን እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። እውነትን የያዘ ሰው ሌሊቱ ቢረዝምበትም ንጋቱን ይጠብቅ፤ ሌላውን የሚፈርድ ሰውም ቀና ብሎ ሳያይ አይፍረድ።